ባዶውን የበረረ ወንበር

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለህሩይ፣

ጤናህን ከጨርቅ ነጋዴው ከኡዘይር አፍ ሰማሁ። ደብዳቤህን ሲሰጠኝ «ወፍሯል፣ አምሮበታል» አለኝና ደስ አለኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የቁስቋምን ዳገት እምቢ ብሎኛል። የላክህልኝ ጫማ ግን ሰፊ ነው። ምነው፣ አንተ ቻይና ከገባህ ወዲህ እግሬ ያደገ መሰለህ?

አዎን፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ አላምረው እርቅ ጠይቋል። ሽማግሌው አያ ወልደ ዮሐንስ ሁለት ቄስ አስከትለው ከመካነ ብርሃን ድረስ ወርደው ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው «እሺ ሳትይን አንገባም» አሉ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አቆምኋቸው። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ እያለኝ ነው ያቆምኋቸው።

ወንድማችን ሐብተ ማርያም ከተገደለ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የሰርግ ዳስ ባየሁ ቁጥር ደሙ የነከረው ጉዝጓዝ ይታየኛል። ለአንድ መቀመጫ! «ተነሥ፣ ይኼ የአንተ ቦታ አይደለም» ብሎ ሐብቴ አላምረውን በሰው ሁሉ ፊት ከላይኛው መደብ አስነሣው። እሱም ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ መጥረቢያ ይዞ ነው። ቀሪውን አንተ በዓይንህ አይተሃል።

ሽማግሌዎቹ የቆረጡት እንዲህ ነው። አላምረው አሁን አዲስ አበባ ግንበኛ ሆኖ ይኖራል። ኅዳር 10 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከእኛም ከእነሱም ወገን ባልሆነው መሬት በጠዳ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ፊታችን ይወድቃል። ዘመዶቹም እያንዳንዳቸው ድንጋያቸውን ተሸክመው ከኋላው ይሰለፋሉ። ድንጋዩን ከአንገቱ የምታነሣለት አንተ ነህ፤ የደሙ ባለቤት አንተ ነህና። ሁሉም ፀሐይ ከአናት ሳትዞር ማለቅ አለበት። ካልመጣ ደሙን ናቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዋስም ሽማግሌም የለ። በመኪና እንዳይመጣ መንገድ ላይ የእኛ ሰዎች አይምሩትም። ስለዚህ በአውሮፕላን አዘዞ ይወርድና ሽማግሌዎቹ ከዚያው ይረከቡታል።

እሺ ያልሁት ለአላምረው አዝኜ እንዳይመስልህ። የሐብቴ ልጅ ወልደኢየሱስ ሃያ ዓመቱ ሞላ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አጉርሼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን በወጣ በገባ ቁጥር «የሐብቴ ልጅ፣ መቼ ነው የምትነሣው?» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ፍራሹን ሳነሣ ሽጉጥ አገኘሁ። ከገደለ ይገድሉታል፤ ካልገደለ ሴት ነው ይሉታል። ይህን ልጅ መቅበር አልችልም፤ ስለዚህ ና።

ደግሞ በደብዳቤህ ጫፍ «አሁንማ ወርቅ ሆኛለሁ» ያልኸው ምንድን ነው? በስልክ አትንገረኝ፤ ስልክ ቤት ጆሮ ብዙ ነው። ጻፍልኝ።

እኅትህ ይመኙሽ

--

ጓንዡ
ጥቅምት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም ይመኙሽ፣

እጅሽን እየሳምሁ ነው የምጽፈው። ለጫማው ይቅርታ፤ እዚህ አገር የሴት ጫማ ሲገዙ የሚጠየቀው ቁጥር ነው፤ እኔ ደግሞ በእጄ ስንዝር ለክቼ ሻጯን አሳቅኋት። ሥራዬ ደህና ነው። የአገራችን ነጋዴዎች ሲመጡ ፋብሪካ ለፋብሪካ እወስዳቸዋለሁ፣ ዕቃቸውን አስጭናለሁ፣ ከዚያ እኔም ተከትዬ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ወርቅ ሆንሁ ያልሁሽ ከዚሁ ምልልስ የመጣ ነው። ዋርካ አየር መንገድ በበረርሽ ቁጥር የሄድሽበትን ርቀት ይቆጥርልሻል፤ ማይል ይሉታል። ስትጀምሪ ሰማያዊ ካርድ ይሰጡሻል። ሰማያዊ ማለት የድግስ ቤት በር ላይ ቆሞ ግባ እስኪሉት የሚጠብቅ ሰው ነው። ማይሉ ሲጠራቀም ብር ትሆኛለሽ፤ ይኼኛው ዳስ ውስጥ ገብቶ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወርቅ አለ፤ ወርቅ ከካህናቱ አጠገብ ነው። ሰልፌ ለብቻው ነው። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ሶፋ ላይ ተዘርግቼ የምበላበት ክፍል አለ። በረራው ሞልቷል ቢባል እንኳ ለወርቅ ቦታ ይፈለጋል፤ ካርድ የሌለው፣ ትኬቱንም በርካሽ የቆረጠ ሰው ይቀርና እኔ እሄዳለሁ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ወንበር ማሳደግ የሚሉት ነው። የኋላ ወንበር ከፍዬ ፊት ባዶ ካለ ያለ ጭማሪ ወደ ፊት ያወጡኛል። እግርሽን ትዘረጊያለሽ፣ ሞቅ ያለ ፎጣ ይሰጡሻል፣ በስምሽ ይጠሩሻል። ከፈለግሁም አንድ ሰው አስከትዬ ከጎኔ ማስቀመጥ እችላለሁ፤ እሱ ካርድ ባይኖረውም በእኔ ደረጃ ይገባል። አንድ ቀን አንቺን አስከትዬ ነው የምቀመጠው። ታዲያ ሹመቱ የዓመት ነው፤ ዓመቱን ካልበረርሁ መልሰው ያወርዱኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነውና እኔም እየበላሁ ነው።

አሁን ወደ አላምረው። እመጣለሁ፤ ለወልደኢየሱስ ስል እመጣለሁ። ግን አልዋሽሽም፣ ልቤ አልበረደም። ያን ቀን በገደሉ አፋፍ ሮጬ ስደርስበት አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጩቤዬ የደረሰው ግራ ጆሮው ላይ ነው፤ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። እጄ አንድ ጣት ቢረዝም አንገቱ ነበር። እስከ አሁን በሕልሜ ያንን አንድ ጣት አስረዝመዋለሁ። ድንጋዩን አነሣለታለሁ፤ ግን ቶሎ አላነሣም። ትንሽ ተንበርክኮ ክብደቱን ይቅመስ፣ በሰው ፊት ትንሽ ይዋረድ። ይኼን ያህል ቢፈቀድልኝ ምን አለበት?

ወንድምሽ ህሩይ

--

ቁስቋም
ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለህሩይ፣

ምን አለበት ላልኸው፣ አለበት። ሽማግሌ የያዘውን ነገር አንተ በጎን ቅመም አትጨምርበት። መጥተህ ድንጋዩን አንሥተህ ትስመዋለህ፣ አለቀ።

ስለ ወርቅህ ያነበብሁትን ለፈህሚያ ነገርኋት። የኡዘይር እኅት ናት፤ ፒያሳ ላይ የአውሮፕላን ትኬት ትቆርጣለች። እኔማ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬ ልስቅብህ ነበር፤ እሷ ግን «እውነቱን ነው፣ ወርቅ ትልቅ ሰው ነው» አለችኝ። ደስ ይበልህ። ብቻ ስለ ወንበር ስትጽፍ አጻጻፍህ ሐብቴን መሰለኝ። እሱም ከፍ ያለ መቀመጫ ይወድ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ፈህሚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከእንኳየሁ ጋር ተፋጠጥን። የአላምረው ታናሽ ወንድም፣ ታውቀዋለህ፣ ያ ዝምተኛው። የወንድሙን ትኬት ሊያስቆርጥ መጥቶ ኖሯል። እንዳየኝ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስካልፍ ቆመ። የገዳይ ወገን እርቅ ሳይወርድ ከባለ ደም ጋር አይጋፋም፣ አይናገርም፣ መንገድ ይለቃል፤ ሥርዓቱን አልዘነጋም። ስንት ዓመት የረገምሁት ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ሽበት ሳይ ግን እርግማኑን ተውሁት። ሸጋ ሰው ነው።

የአላምረው ትኬት የማክሰኞ ማለዳ ነው፤ ከርካሹ። አንተ ግን ሰኞ ግባ። እርቅ ሳይወርድ ሁለታችሁ አንድ አውሮፕላን ላይ እንድትገናኙ አልፈልግም። ወልደኢየሱስ ሽጉጡን ለቄሱ ለማስረከብ እሺ ብሎኛል። ምግብ መብላትም ጀምሯል። ኅዳር 10 እስኪመጣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያለሁት፤ እንዳታዘገይብኝ።

ይመኙሽ

--

ጓንዡ
ኅዳር 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

እታለም፣

አትቆጪኝ። ዕቃ ወደብ ላይ ተይዞብኝ የምነሣው እሑድ ማታ ሆኗል። የሰኞው የጎንደር በረራ ሊያመልጠኝ ይችላል። ካመለጠኝ በማክሰኞው እመጣለሁ። ማክሰኞ ሞልቷል አሉኝ፤ ለወርቅ ሞልቷል የሚባል ነገር የለም፣ ነግሬሻለሁ። እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፤ በየበራችን ገብተን በየበራችን እንወርዳለን። ሐሳብ አይግባሽ።

ህሩይ

--

ቁስቋም
ኅዳር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ህሩይ፣

ሰላምታ አልጽፍልህም። ኡዘይር «ህሩይ፣ ይመኙሽ ደህና ናት ወይ ብሏል» ሲለኝ ልተፋበት ነበር፤ እሱ ምን አደረገ። አንተ ረቡዕ ማለዳ፣ እኔ ሐኪም ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ፖሊስ ቃል ሳይቀበልህ ላምልጥ ብለህ በሮጥህበት አውሮፕላን ፊት ወንበር ነው የተቀመጥኸው ወይስ ኋላ? እሱን ንገረኝ።

ስለ ልጁ ጠይቀሃል። ይተርፋል አሉ። ግራ ዓይኑ ፈሷል፣ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ በማንኪያ ውኃ አንቆረቁርለታለሁ። እግሩ ከአልጋው ጋር በካቴና ነው። ሲሻለው እስር ቤት ይወስዱታል። ለቄሱ ያስረከበው ሽጉጥ አንዱን ነው፤ ሁለት ነበረው። እኔ ፍራሹን አገላብጬ ልብሱን ሳልፈትሽ ቀረሁ፤ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።

የአንተን ጥፋት ደግሞ ላስታውስህ። እንኳየሁ ድንጋዩን በአንገቱ እንደተሸከመ ነበር። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ፣ «ይመጣል፤ ወንድሜ ይመጣል፤ ስለ ሚካኤል ትንሽ ጠብቁን» ይል ነበር፤ ላቡ ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። ከኋላችን አንዱ «ናቁህ እኮ፣ የሐብቴ ልጅ» አለ። ወልደኢየሱስ ወደ አንተ ዞረ። «አያ ህሩይ፣ አብሮህ አልተሳፈረም?» አለህ። «አላየሁትም» አልኸው። እኔ በመካከላችሁ ነበርሁ፤ ሰምቼሃለሁ። ከዚያ ሁለት ጥይት። እንኳየሁ ድንጋዩ ከአንገቱ ሳይወርድ ከነድንጋዩ ወደቀ። አያ ወልደ ዮሐንስ ሊከለክሉ እጃቸውን ዘርግተው አንዱ ጥይት መዳፋቸውን በስቷቸዋል።

መሣሪያ ሳይይዙ ነው የመጡት፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ልጄን የቀጠቀጡት ለእርቅ በተሸከሙት ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ከአንገቱ አውርዶ። ሬሳ ላይ ሬሳ ሳይደረብ ያስጣሉት ቄሶቹ ናቸው። አንተን ስፈልግ አላገኘሁህም።

አሁን ስማ። ረቡዕ ማለዳ አንተን የወሰደው አውሮፕላን ሲመጣ ያወረደው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ? አላምረውን ነው። ማንም አልነገረውም። አንድ ቀን ብዘገይም ብሎ፣ ከአዘዞ ድንጋይ አንሥቶ በአንገቱ አድርጎ ጠዳ ድረስ በእግሩ ሄደ። የደረሰው ወንድሙ ሲገነዝ ነው። በእጁ ከአየር መንገዱ የተሰጠው ወረቀት ነበር። አያ ወልደ ዮሐንስ አምጥተው ፈህሚያን አስነበቧት። ተሳፋሪው ማክሰኞ በሰዓቱ ቀርቧል፤ ወንበሩ ግን ደረጃ ላለው ተሳፋሪ ተሰጥቷል ይላል።

ያን ማለዳ አየር ማረፊያው ውስጥ፣ ተሳፋሪ በሚመዘገብበት መስኮት ላይ ስንት ባለ ወርቅ ነበራችሁ?

ይመኙሽ

--

ጓንዡ
ኅዳር 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ካነበብሁ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ለወልደኢየሱስ የቁስል መድኃኒት ልኬያለሁ፤ ሐኪሙን አሳዪው። የሄድሁት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደም ሳይ ያ የሰርግ ዳስ መጣብኝ፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

ስለ መስኮቱ ለጠየቅሽኝ፣ ባለ ወርቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ግን ሥርዓቱ የአየር መንገዱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትኬት ይሸጣሉ፤ አንዳንዱ ሰው ይቀራል ብለው ነው። ሁሉም ከመጣ ከታች ይጀምራሉ፦ ካርድ የሌለው፣ በርካሽ የቆረጠው። ማንን እንደሚያስቀሩ መርጬ አልሰጠኋቸውም። ማሽኑ ነው የሚመርጠው።

ሰው ብዙ ነበር፣ እታለም። አንድ ኮፍያውን እስከ ጆሮው የደፋ ሰውዬ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔ ምን አውቀዋለሁ? አሥራ ሦስት ዓመት እኮ ነው። አላምረው በኋላ በር ገብቷል ብዬ ነው ያሰብሁት። ጠዳ ላይ አላየሁትም ስል በአውሮፕላኑ ውስጥ አላየሁትም ማለቴ ነው። ይኼ ደግሞ እውነት ነው።

ይቅር በይኝ።

ህሩይ

--

ቁስቋም
ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ህሩይ፣

ኮፍያ አልኸኝ። እኔ ስለ ኮፍያ አንድ ቃል አልጻፍሁልህም። ሰው ብዙ ነበር ካልህ የዚያን ሰውዬ ኮፍያ ከሁሉ ለይቶ ያሳየህ ምንድን ነው? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አሉ።

አላምረው ለሽማግሌዎቹ የሰጠውን ቃል ልንገርህ፤ እኔም ተጠርቼ ከመጋረጃ ወዲህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «በሰዓቱ ደረስሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ጽፋ ቁም አለችኝ። ከዚያ ህሩይ መጣ። አወቅሁት፤ ቁርጥ ሐብተ ማርያምን ነው። ባለ ደም ነውና መንገድ ለቀቅሁለት። ወንበርህ ተሰጥቷል ስትለኝ አልተከራከርሁም፤ የተሰጠው ለእሱ ስለሆነ። ከእሱ ጋር ወንበር የምጋፋ ከሆነ ለምን እርቅ እሄዳለሁ? ደግሞ አይቶኛል፤ ለሽማግሌዎቹ ይነግርልኛል ብዬ አመንሁ።» ያለው ይህን ነው። አላለቀሰም። አንድ ጊዜ አፉን ሊከፍት ሲል ተመልሶ ከደነው፤ ያስቀረው ነገር እንዳለ ገባኝ።

ወንድማችን አንድ ጊዜ አስነሣው፣ ሐብቴን ቀበርን። አንተ ደግሞ ሁለተኛ አስነሣኸው። ይህ ሰው ተነሥ ሲባል የሚነሣ ሰው ነው፤ ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን ነው የማንችለው።

አገራችን ጃናሞራ ላይ ያለው እንዲህ ነው። የገብስ ክምራችንን ሦስቱንም አቃጥለዋል። የአባታችንን በሬዎች ቋንጃቸውን በገጀራ ቆርጠው ሜዳ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሲያጓሩ አድረው በማግስቱ ታረዱ። በአጥራችን ላይ የእንኳየሁን ደም የነካ ነጠላ ሰቅለዋል። ወልደኢየሱስ ከእስር በወጣበት ቀን እንደሚታረድ በገበያ ያወራሉ። ደሙ አሁን በእኛ ላይ ነው።

አያ ወልደ ዮሐንስ መዳፋቸው እንደታሰረ እንደገና ተነሥተዋል። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ፈህሚያን አስጠርተው ደረጃውን ሁሉ አስረዳቻቸው፤ ሰማያዊውን፣ ብሩን፣ ወርቁን። «ታዲያ ሰማይ ላይም መደብ አለ?» ብለው ጠየቁ። አለ ስትላቸው እንዲህ ፈረዱ። ጥምቀት ሳይገባ፣ ጥር 8 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጠዳ። ገዳዩ ታስሯልና ድንጋዩን የሚሸከመው አጎቱ ህሩይ ነው። የሚያነሣለት አላምረው ነው። ህሩይም አላምረው በመጣበት መንገድ ይምጣ፤ በዚያው ቀን በማለዳው አውሮፕላን፣ በዚያው ርካሽ ትኬት። ካርዱን ቀድሞ በሽማግሌ እጅ ያስይዝ። ፀሐይ ሳትዞር ካልደረሰ ምክንያት አይሰማም። አላምረውም ምክንያት አልተሰማለትም።

ፈህሚያ ጠርታኝ በጆሮዬ የነገረችኝ ሌላ ነው። በጥምቀት ሳምንት የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሁሉም ካርድ አለው፤ በየዓመቱ ሰው ታስቀራለች ያቺ አውሮፕላን። ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው «እኛም ያልነው ይኸንኑ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። አውቀኸው ነበር? የሽማግሌ ቃል አልፈልግም፣ የማሽን ነገር አትንገረኝ።

ይመኙሽ

--

አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእታለም ለይመኙሽ፣

አውቄዋለሁ።

ኡዘይር በመኪና ዛሬ ስለሚነሣ ይህ ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ይደርስሻል። ውስጡ ካርዱ አለ። ለአያ ወልደ ዮሐንስ ስጫቸው። ጫፉ የተሰነጠቀው ልሰብረው ሞክሬ ነው፤ ከዚያ አስይዝ እንጂ ስበር አልተባልሁም ብዬ ተውሁት።

እውነቱን ልጻፍልሽ። ወደ መስኮቱ ስጠጋ እሱ ፊት ለፊት ነበር። እንዳየኝ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለና ወደ ኋላ ሸሸ። ጆሮውን አየሁት። በገዛ እጄ የቆረጥሁትን ጆሮ ልስተው? ልቤ ዘለለ፤ በፍርሃት አይደለም፣ በደስታ ነው። ያ ሁሉ ሰው የፈራው አላምረው፣ ያረጀ ኮት ለብሶ፣ ትኬቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለእኔ መንገድ ይለቃል።

ልጅቱ መጀመሪያ የእሱን ወንበር ለእኔ ሰጠችኝ። ትንሽ ቆይታ ፊት ሁለት ባዶ ቦታ እንዳለ አየችና ወደዚያ አሳደገችኝ፤ የለቀቅሁትን ለአንድ ባለ ብር ካርድ ሰጠችው። ይኼ ሁሉ በሥርዓቱ ነው። ከዚያ ግን ቀና ብላ «ከጎንዎ አንድ ወንበር አለ፤ የሚያስከትሉት ሰው አለ?» አለችኝ። አላምረው በሁለት ክንድ ርቀት ቆሞ ይሰማል። ዞሬ አየሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ብቻዬን ነኝ» አልኋት።

ከሽማግሌዎቹ ፊት አፉን ከፍቶ የከደነው ይኼንን ነው። ሰምቶኛል። ለምን እንዳልተናገረ አላውቅም፤ ምናልባት አሁንም መንገድ እየለቀቀልኝ ይሆናል።

ያ ወንበር ጎንደር ድረስ ባዶውን በረረ። ኮቴን አውልቄ አስቀመጥሁበት። ፎጣ አመጡልኝ፣ ፊቴን ጠረግሁ። ያሰብሁት ይኼንን ብቻ ነበር፦ አንድ ቀን ይዘግይ፣ ሰው ይስደበው፣ ስሙ ይጉደፍ፤ ነገ ሲመጣ ድንጋዩ በእጥፍ ይክበደው። ሽጉጡ ቄሱ ዘንድ ነው ብዬ ነበር። ወልደኢየሱስ ዞሮ ሲጠይቀኝ እንኳ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «መጥቶ ነበር፤ ወንበር አጥቶ ቀረ» ብል እንኳየሁ ዛሬ በሬውን ይጠምድ ነበር፣ ልጃችንም በሁለት ዓይኑ ያይ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስቀረው መባልን አፈርሁ። ለአንድ ደቂቃ እፍረት ብዬ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ እኔ ሳልደርስ፣ ሁለቱም ወገን በተቀመጠበት፣ ከፍ ባለ ድምፅ አንብቢው። የእኔን ቃል የሚያነብልኝ ከአንቺ ሌላ ሰው አልፈልግም። ከሰሙት በኋላ እርቁን እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉ፤ ደሙን ከእኔ ይውሰዱ፣ ልጁን ይተውት። ዋስ የሚሆነኝ ሽማግሌ ከጠፋ ደግሞ አትለምኚልኝ።

ትኬቴን ዛሬ ሄጄ አረጋገጥሁ። የመጨረሻው ረድፍ ነው። መስኮቱ ላይ ያቺው ልጅ ናት፤ በስሜ ጠራችኝና «ካርድዎን ረሱት?» አለች። የለኝም አልኋት። በረራው ከልኩ በላይ ተሽጧል፤ ስድስት ሰው ትርፍ ነው አለችኝ። ከሐሙስ ንጋት በፊት በሩ ላይ እገኛለሁ፤ ግን መጀመሪያ መድረስ እንደማይጠቅም ከአላምረው አይቻለሁ። ጸልዪልኝ፣ እታለም። ከስድስቱ አንዱ እኔ እንዳልሆን፣ ወርቅ የያዘ ሰው ከኋላዬ እንዳይመጣ።

ድንጋዩን አንቺ ምረጪልኝ። ከባድ ይሁን።

ወንድምሽ ህሩይ